ልጅሽን ለነጥብ ብለሽ አታዛውሪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ አይቼው እንቅልፍ ነሳኝ። ልጅሽ 11ኛ ክፍል ነው፤ አማካዩ 81፣ ደረጃው 17ኛ። ነጥብ ለቀቅ አድርጎ የሚሰጥ ትምህርት ቤት እዚሁ ጅማ አለ ብለውሻል። እዚያ ባዛውረው ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ይጠቅመዋል ወይ ነው ያልሽው። አይጠቅመውም። እኔ በዚሁ ሐሳብ የመጀመሪያ ልጄን አዛውሬ ያየሁት ነው።

ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ነው። ስድስት ትምህርት፣ እያንዳንዱ ከ100፣ ድምሩ ከ600። ማለፊያው 300። የካርድ አማካይ እዚያ ላይ አይደመርም፤ ደረጃም አይታይም። 1ኛ የወጣውም 40ኛ የወጣውም ከዜሮ ነው የሚጀምሩት።

ልጄን ያዛወርኳት 10ኛን እንደጨረሰች ነው። በፊት ከ58 ተማሪ 12ኛ ነበረች። አዲሱ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ሴሚስተር 2ኛ ወጣች፤ አማካይዋ 92። ዘመድ ተሰበሰበ፣ ቡና ተፈላ፣ ሁላችንም «በቃ ሜዲስን ናት» አልን። በ2015 ተፈተነች። ያመጣችው 271 ነው፤ ከግማሽ በታች። ሳሎን መሬት ላይ ቁጭ ብላ «እማዬ፣ እኔ እኮ 2ኛ ነበርኩ» ያለችኝ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

በዚያ ዓመት በሀገር ደረጃ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኝ 3.2 ብቻ ናቸው። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእነዚያ ሁሉ ትምህርት ቤቶች ግን 1ኛ የወጣ ልጅ ነበረ። ዜናውን ስሰማ ነው ደረጃ ምን እንደሆነ የገባኝ። ክፍል ውስጥ ካሉት ስንቱን እንደበለጠ ነው የሚነግርሽ፤ ሌላ ምንም አይነግርሽም።

ከዚያ ካርዷን ይዤ ቁጭ አልኩ። ስፖርት፣ አይሲቲ፣ ቴክኒካል ድሮዊንግ ሁሉም 98ና 99 ናቸው። ፈተናው ላይ ግን የሉም። እነሱንና የመሳሰሉትን ሳወጣ ለፈተና የሚቀርቡት አማካያቸው 86 ሆነ። ፈተናው ላይ ደግሞ አፕቲትዩድ የሚባል የማገናዘብ ችሎታ የሚለካ አለ፤ እሱ ካርድ ላይ ጭራሽ የለም። ብቻውን 100 ነጥብ ነው፤ እኔ ስለሱ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

ቀጥሎ ሒሳብን ለብቻው አየሁት። 86 ይላል። 60ው የሚያዘው በቴስት፣ በአሳይመንት፣ በግሩፕ ወርክና በደብተር ነው፤ እዚያ 58 አላት። ፋይናሉ ከ40 ነው፤ 28 አመጣች። ብቻዋን ተቀምጣ የሠራችው ይቺን 28 ነው፤ ከ100 ሲሰላ 70 መሆኑ ነው። እሱንም ያወጣው ያስተማራት መምህር ነው፣ የሚመጣበትን ምዕራፍም ቀድሞ ነግሯቸዋል። አሳይመንቱን ደግሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ኢንጂነሪንግ የሚማር የጎረቤት ልጅ ነበር የሚሠራላት። አውቅ ነበር። ዝም አልኩ። ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

ተከታታይ ምዘና፣ ያ በቴስትና በአሳይመንት የሚያዘው ማለቴ ነው፣ መጥፎ ነው እያልኩሽ አይደለም። በትክክል ከተሠራ ልጁ የቱ ጋ እንደሚቸገር በጊዜ ያሳያል። ለውጭ ስኮላርሺፕም ከ9 እስከ 12 ያለው ትራንስክሪፕት ይጠየቃል፤ ስለዚህ ካርዱን በደንብ አስቀምጪው። ልጄ በኋላ ሪሚዲያል፣ ማለፊያ ላላመጡ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ ገባች። እዚያ 30 በመቶው በዩኒቨርሲቲው ምዘና፣ 70 በመቶው በማዕከል በሚወጣ ፈተና ነበር የሚያዘው። አሳይመንቷን ራሷ ሠራች፤ አለፈች። እግዚአብሔር ይመስገን።

ወንድሟን አላዛወርኩትም። 12ኛ ክፍል 19ኛ ነበር የሚወጣው፣ አንዴ 21ኛም ወጥቷል። ሴክሽኑ በጎበዝ የተሞላ ነው፤ መምህራኑም በነጥብ ቀልድ አያውቁም። ሰው ደረጃውን ሲጠይቀኝ መናገር ይከብደኝ ነበር። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ስልኩን ለእኔ ሰጥቶ፣ ያለፉ ዓመታት የሀገር አቀፍ ፈተና ወረቀት አውጥቶ፣ ሰዓት ይዞ ይሠራል። የመጀመሪያው ቀን ፊዚክስ 34 አመጣ። አለቀሰ። እኔ ግን ቀለል አለኝ፣ ያለበትን አወቅን። የሳታቸውን ጥያቄዎች ይዞ ወደ 9ኛና 10ኛ መጽሐፉ ተመለሰ። ፈተናው ከ9 እስከ 12 ስለሚያወጣ ክፍተቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ታች ነው ያለው። በ2017 ተፈተነና 348 አመጣ።

አንቺም የልጅሽን ካርድ አውጪና ፈተና ላይ የሌሉትን ትምህርቶች ሰርዢያቸው። ከዚያ ትምህርት ቤቱ ሄደሽ የፋይናሉን ነጥብ ለብቻው ጠይቂ። ነጥብ በማይዘራ ትምህርት ቤት የመጣ 81 ከሆነ ልጅሽ ደህና ነው። እባክሽ 17ኛነቱን ቤት ውስጥ አታንሺበት፤ ከአክስቱ ልጅ ጋርም አታወዳድሪው። 12ኛ ሊገባ ሲል ከለመዳቸው መምህራንና ጓደኞቹ መነጠሉ ራሱ ስንት ወር እንደሚበላበት በልጄ አይቻለሁ።

እኔ የምኖረው እዚሁ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ነው። ወንዱ ልጄ የሠራባቸው ወረቀቶች ከነመልሳቸው አሉ፣ የአፕቲትዩዱም አለ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝና መጥተሽ ውሰጂ፤ እታች ኮፒ ቤት አለ። ኮፒ አድርገሽ ትመልሺልኛለሽ፣ ለታናሽየዋ አስቀምጬዋለሁ።