ስለ «ኦልድ» ለጠየቁን አባል፦ እኔ የከሰርኩበት ቃል

«ኦልድ»፣ «ኤልደርሊ»፣ «ኤጅድ» እና «ኤንሸንት» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት እየተምታቱብዎት እንደሆነና የትኛው ለማን እንደሚባል እንድንነግርዎት ጠይቀዋል። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሱት ሰነድ በእጅዎ እንዳለ እገምታለሁ። እኔም በዚሁ ቃል ምክንያት ሦስት ሌሊት የደከምኩበትን ትርጉም በግማሽ ክፍያ ያስረከብኩ ሰው ስለሆንኩ፣ መዝገበ ቃላት የሚነግርዎትን ትቼ የማይነግርዎትን እጽፋለሁ።

1. «ማይ ኤጅ ኢዝ ሰርቲ ይርስ ኦልድ» ብለው አይጻፉ። እንዲህ የሚያስብለን «ዕድሜዬ ሠላሳ ዓመት ነው» የሚለው አማርኛችን ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ሰውየውን ባለቤት አድርጎ «አይ አም ሰርቲ ይርስ ኦልድ» ይላል፣ ወይም «አይ አም ሰርቲ» ብሎ ይጨርሳል። ዕድሜው ከስም በፊት ቅጽል ሆኖ ሲገባ ደግሞ «ይርስ» የብዙ ቁጥር ምልክቷን ትጥላለች፤ «ኤ ፋይቭ ይር ኦልድ ቻይልድ» ስንል ሦስቱ ቃላት በሁለት አጫጭር ጭረቶች ይያያዛሉ። «ዘ ቻይልድ ኢዝ ፋይቭ ይርስ ኦልድ» ካልን ምልክቷ ትመለሳለች፣ ጭረቶቹ ይወጣሉ። ይህቺን ነጥብ ይያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

2. «ኤልደር» በአብዛኛው የቤተሰብ ቃል ነው። ታላቅ ወንድም «ኤልደር ብራዘር» ይባላል፤ ለማወዳደር ግን «ኤልደር ዛን ሚ» አይባልም፣ «ኦልደር ዛን ሚ» ነው። ለዕቃማ ጭራሽ አይሆንም።

3. «ኤጅድ» ሁለት አነባበብ አለው። «ኤጅድ ሰርቲ» ስንል በአንድ ትንፋሽ ያልፋል፤ በዕድሜ የገፉ ወላጆችን ስንጠራ ግን በሁለት ክፍለ ቃል «ኤጂድ ፓረንትስ» እንላለን።

4. አራተኛው ነጥብ «ኦልድ» ራሱ ነው፤ እዚህ ላይ ግን በቁጥር መቀጠል አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ያ ሰነድ ትዝ ይለኛል። የአንድ ድርጅት ዓመታዊ ሪፖርት ነበር፤ ከዓረፍተ ነገሮቹም አንዱ «የድሮ ሥራ አስኪያጃችን ዛሬ የቦርድ አባል ናቸው» ይላል። አማርኛ «የ»ን «የድሮ» ለሚለውም «የመጣው ሰው» ለሚለውም ያለ ልዩነት ስለሚያውላት፣ እኔም በሌሊት ድካም «አወር ማኔጀር፣ ሁ ኢዝ ኦልድ፣ ኢዝ ናው ኤ ቦርድ ሜምበር» ብዬ አለፍኩ።

«ኦልድ» ከስሙ በፊት ሲቆም የቀድሞም፣ ለረጅም ጊዜ የቆየም፣ ያረጀም ማለት ሊሆን ይችላል፤ «ኦልድ ፍሬንድ» የብዙ ዘመን ወዳጅ እንጂ የግድ ሽማግሌ ወዳጅ የማይሆነው ለዚህ ነው። ስለ ሰው እየተነገረ ከ«ኢዝ» በኋላ ሲመጣ ግን ዕድሜ ብቻ ይቀርለታል። ስለዚህ እኔ የጻፍኩት «ያረጁት ሥራ አስኪያጃችን አሁን የቦርድ አባል ናቸው» የሚል ሆኖ ተነበበ፤ ሴትዮዋ ደግሞ አርባዎቹን እንኳ አልጨረሱም፣ ረቂቁንም መጀመሪያ ያነበቡት እሳቸው ነበሩ። «ፎርመር» የምትባል፣ «የቀድሞ» ማለት የሆነች ምንም የማታሻማ ቃል እያለች!

ቢሮው ስጠራ፣ ጉዳዩን የያዘው ሠራተኛ ቀና ብሎ ሳያየኝ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ገፋልኝ። «ኦልድ» በቀይ እስክሪብቶ ሦስት ጊዜ ተከቧል፣ ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረው። «እኛ የፈለግነው ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ነበር» አለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልክድም፤ ሌሎቹ ሠላሳ ምናምን ገጾች ግን አንድ እርማት ሳይገኝባቸው ክፍያው ለምን በግማሽ እንደተቀነሰ እስከ ዛሬ ያስረዳኝ የለም። ከሠራተኛው ጀርባ የተለጠፈው ማስታወቂያ ደግሞ አመልካቾች «ቱዌንቲ ይር ኦልድ» መሆን አለባቸው ይል ነበር፤ «ይርስ» ምልክቷን አጥታ፣ የማይገቡት ሁለት ጭረቶች ተደንቅረውበት። ገንዘቤን ከተቀበልኩ በኋላ በትሕትና አሳየሁት። በሌላ ቀን ስመለስ ተስተካክሎ አገኘሁት፣ ምስጋና ግን አልሰማሁም።

ወደ እርስዎ ሰነድ ስመለስ፣ «አረጋውያን» የሚል ካለበት «ዘ ኤልደርሊ» ብለው አይቸኩሉ። ቃሉ የአክብሮት ነው እየተባለ ብንማርም ብዙ አንባቢዎችን ቅር ያሰኛል፤ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የአጻጻፍ መመሪያም በ7ኛ እትሙ «ኦልደር አደልትስ» እንዲባል ይመክራል። «ኤንሸንት» ለጥንታዊ ሥልጣኔና ለፍርስራሽ ነው፤ በሕይወት ላለ ሰው ከተባለ ወይ ቀልድ ነው ወይ ስድብ። እግሩ የተሰበረ አሮጌ ወንበርም «ኦልድ» እንጂ «አንቲክ» አይደለም፤ «አንቲክ» በዕድሜው ምክንያት ዋጋ የሚሰጠው ዕቃ ሲሆን፣ የአሜሪካ የጉምሩክ ሕግ በዚህ ስም የሚመድበው ከ100 ዓመት በላይ የሆነውን ነው።

«የድሮ» የሚል ባጋጠመዎት ቁጥር መጀመሪያ አማርኛው ላይ «የቀድሞ» ብለው ይተኩት። ሐሳቡ ካልተዛባ «ፎርመር» ይጻፉ፤ ከተዛባ ግን ዓረፍተ ነገሩን እዚህ ያስፍሩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።