ዲፈረንሻሉን ከመፍታትህ በፊት ጎማህን ለካ

አንድ አንባቢ የጻፈልኝ ባጭሩ ይህ ነው። መኪናው በኋላ ጎማ የሚነዳ ሴዳን ነው፤ 2 ሊትር ሞተር፣ ባለ 5 ማርሽ ማንዋል ካምቢዮ። በየቀኑ ሥራ ይመላለስበታል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሞቅ አድርጎ መንዳት ይወዳል። ችግሩ፣ ከቆመበት ሲነሳ መኪናው ይከብደዋል። ከ3000 ዙር በላይ ግን ደህና አድርጎ ይጎትታል። ዳገት ላይ 5ኛ ማርሽ ስለማይችል ወደ 4ኛ ያወርዳል። 80 አካባቢ እግሩን ከነዳጅ ሲያነሳ ከኋላ ዋይታ ይሰማዋል። ዳሽቦርዱ 100 ሲል የስልኩ ጂፒኤስ 106 ይላል። ስለዚህ የዲፈረንሻሉን (በኋላ ጎማዎች መካከል ሆኖ ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያካፍለው ክፍል) ሬሾ፣ ማለትም ጎማው አንዴ ሲዞር ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚለውን ቁጥር፣ ከ3.73 ወደ 4.56 ልቀይረው ወይ ብሎ ጠየቀ። መጨረሻ ላይ ጣል አድርጎ ያለፋት ነገር አለች፦ «ባለ 17 ቸርኬ አስገብቻለሁ፣ ጎማው 215/55 ነው። የፋብሪካው ባለ 15፣ 195/60 ነበር።»

ወንድሜ፣ እኔን የያዘችኝ ያቺ የመጨረሻዋ መስመር ናት።

የመኪና ፍጥነት መለኪያ ከፋብሪካ ሲወጣ ትንሽ አጋኖ እንዲያሳይ ተደርጎ ነው የሚሠራው። 100 ሲል በእውነቱ 96 ወይም 97 ብትሄድ ጤነኛ ነው። ያንተ ግን ተገልብጦ አሳንሶ ያሳያል። እንዲህ የሚሆነው ወይ ጎማው ሲተልቅ፣ ወይ አንድ ሰው ሳይነግርህ ዲፈረንሻሉን ሲቀይር ነው። ሞተሩን ግን አልጠረጥረውም። የደከመ ሞተር ከ3000 በላይም አይጎትትም።

ጎማውን እናስላ። 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 60 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 15 የቸርኬው ስፋት በኢንች ነው። 195/60 ባለ 15 ከዳር እስከ ዳር 615 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 215/55 ባለ 17 ደግሞ 668። በ8.7 በመቶ ተልቋል ማለት ነው። ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ስለሚሄድ፣ ያንተ 3.73 አሁን እንደ 3.43 ነው የሚሠራው። መኪናህ ረጅም ማርሽ (በትንሽ የሞተር ዙር ብዙ የሚሄድ፣ ግን ጉልበቱ የሚያንስ) የተሰጠው ሆነ እንጂ አልደከመም። ቸርኬውን የሸጠልህ ሰው ይህን ሳይነግርህ መቅረቱ ያናድደኛል።

ግምቴን ግን ዝም ብለህ አትመን፤ ቁጠር። የኋላውን አንሳ፣ ካምቢዮውን ነጻ አድርግ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ። ከካምቢዮ ወደ ኋላ በሚሄደው ረጅም ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ፣ አንዱ ጎማ ላይም እንዲሁ። ጓደኛህ ሌላኛውን ጎማ ጥርቅም አድርጎ ይያዝልህ። አንተ ያንተን ጎማ 20 ጊዜ ሙሉ አዙር፣ ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠር። አንዱ ጎማ ተይዞ ሌላው ሲዞር ኮሮናው (ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለው ትልቁ ባለጥርስ ማርሽ) የሚዞረው በግማሽ ስለሆነ፣ 20 የጎማ ዙር 10 የኮሮና ዙር ነው። 37 ዙርና ትንሽ ካገኘህ 3.73 አለህ። 41 ልክ ከሆነ 4.10 ነው። 34 ዙርና ትንሽ ከሆነ ግን ከጎማው ሌላ ዲፈረንሻሉንም ቀይረውብሃል። ሁለቱ ጎማዎች አብረው ከዞሩ ሊሚትድ ስሊፕ (የሁለቱን ጎማዎች የዙር ልዩነት የሚገድብ ዲፈረንሻል) ነው ያለህ፤ ያኔ 10 ጊዜ ማዞር ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ስማኝ። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መቆሚያ አይደለም። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው፣ እነሱ ደግሞ አየር ላይ ናቸው። ማርሽም ቢሆን አይይዝልህም። ስለዚህ መጀመሪያ የፊት ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በታኮ አስይዝ። ከዚያ አንሳ። ከዚያ ሁለቱን የብረት መቆሚያዎች ከዲፈረንሻሉ ግራና ቀኝ፣ ጠንካራው ብረት ሥር አስገባ። መኪናውን በእጅህ ገፋ ገፋ አድርገህ ካልተነቃነቀ ብቻ ከሥሩ ግባ።

ለምን 4.00 ሳይሆን 4.10፣ ለምን 3.75 ሳይሆን 3.73 እንደሚሉ ጠይቀህ ታውቃለህ? እኔ ይህን ነገር ሳወራ አልጠግብም። 4.10 ማለት ኮሮናው 41 ጥርስ፣ ፒኞኑ (ዘንጉ ጫፍ ላይ ሆኖ ኮሮናውን የሚያዞረው ትንሹ ማርሽ) 10 ጥርስ አለው ማለት ነው። እስቲ 40 ለ10 ቢሆን ብለን እናስብ። የፒኞኑ 1ኛ ጥርስ ከኮሮናው 1ኛ ጥርስ ጋር ይገናኛል። ፒኞኑ አንድ ጊዜ ሲዞር ከ11ኛው ጋር፣ ቀጥሎ ከ21ኛው፣ ቀጥሎ ከ31ኛው፣ ከዚያ ተመልሶ ከ1ኛው። ዕድሜ ልኩን ከእነዚህ 4 ጥርሶች ውጪ ሌላ አያውቅም። በዚያ የፒኞን ጥርስ ላይ ፀጉር የምታህል ጭረት ብትኖር እነዚያኑ 4 ጥርሶች ስትቀጠቅጥ ትኖራለች። አሁን 41 አድርገው። ፒኞኑ አንድ ጊዜ ሲዞር 11ኛው፣ ከዚያ 21፣ 31፣ 41። ቀጥሎ 11ኛው አይደለም፤ 10ኛው ነው። አንድ ጥርስ ተንሸራተተ። እንዲህ እየተንሸራተተ ፒኞኑ 41 ጊዜ፣ ኮሮናው 10 ጊዜ ሲዞር፣ እያንዳንዱ የፒኞን ጥርስ እያንዳንዱን የኮሮና ጥርስ አንድ አንድ ጊዜ ነክቶ ይጨርሳል። 410 ግንኙነት፣ አንዱም ሳይደገም። ከዚያ እንደገና ይጀምራል። በዚህ መንገድ ሁሉም ጥርስ ከሁሉም ጋር እኩል ይለማመዳል፣ መበላቱም እኩል ይሆናል፣ ድምፁም ይለዝባል። 3.73ም 41 ለ11 ነው፣ ነገሩ አንድ ነው። ሆን ተብሎ ጥርሶቹ በዙር እንዲደጋገሙ የተሠራ ዲፈረንሻልም አለ። እሱ ላይ ሲገጠም መግጠም ያለበት ምልክት ይኖራል።

ኮሮናና ፒኞን እንደ ባልና ሚስት የሚሸጡትም ለዚህ ነው። ፋብሪካው ውስጥ አንድ ላይ ተፋጭተው ነው የሚወጡት። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ተጽፎ ታገኛለህ። ከአንዱ ኮሮና፣ ከሌላው ፒኞን ለቃቅሞ የሚገጥም ባለሙያ ካጋጠመህ መኪናህን ይዘህ ውጣ።

ወደ ምርጫው እንመለስ። በፋብሪካው ጎማ፣ የ5ኛ ማርሽህ ሬሾ 0.85 ቢሆን፣ 100 ላይ 3.73 ወደ 2740 ዙር ይሰጥሃል። 4.10 ወደ 3010። 4.56 ደግሞ ወደ 3350፣ 120 ላይ ከ4000 ያልፋል። በየቀኑ ሥራ ለሚሄድ ሰው ይህ ጆሮም ኪስም ያደክማል። 1ኛ ማርሽም ገና ሳትነሳ ያልቃል። ሞተርህ እስከ 6500 ቢዞርና 1ኛው 3.5 ቢሆን፣ በ3.73 ወደ 58 ኪሎ ሜትር ድረስ ይወስድሃል፣ በ4.56 ግን 47 ላይ ያበቃል።

የኔ ምክር፦ መጀመሪያ ጎማውን መልስ። ባለ 16 ቸርኬ ከ205/50 ጋር ከዳር እስከ ዳር 611 ገደማ ነው፣ ቁመናውም አያሳፍርም። በዚያ ሁለት ሳምንት ንዳ። ግማሹ ችግርህ እዚያው ይጠፋል። አሁንም ከፈለግህ 4.10 ግባ፣ ከዚያ አትለፍ። ባለ 17ቱን አልለቅም ካልክም 4.10 ያው ነው፤ እንደ 3.77 ይሠራልሃል፣ ማለትም ፋብሪካው ወደሰጠህ ቦታ ይመልስሃል። 4.56 ግን በትልቁ ጎማ ደህና ቢመስልህም፣ ጎማ የቀየርክ ቀን ይከዳሃል።

ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር አጣራ። አንዳንድ ዲፈረንሻል ኮሮናውን የሚሸከመው ቤት ከተወሰነ ሬሾ በላይ አይቀበልም፤ የፒኞኑ ውፍረት ሲቀየር ሌላ ቤት ይጠይቃል። የመኪናህን ሞዴልና የዲፈረንሻሉን ቁጥር ይዘህ ጠይቅ።

ዋይታውስ? እግርህን ስታነሳ ብቻ መጮኹ ከዚህ በፊት ሰው ነክቶት ይሆን ብዬ ያስጠረጥረኛል። የኋላ ክዳኑ ዳር ላይ ቀይ ሲሊኮን ተርፎ የደረቀ ካለ፣ ጥርጣሬዬ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ የማገኘው ይህን ነው፦ ፒኞኑን የሚይዘውን ዳዶ በአየር መፍቻ ጥርቅም አድርገውታል፣ ውስጥ ያለውን አንዴ ተጨፍልቆ የሚጣለውን ቀለበት ደግሞ ያንኑ አሮጌውን መልሰውታል። አንድ የፈታሁት ላይ ቀለበቱ እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ተጨማዶ ነበር፣ የፒኞኑ ኩሽኔታ ደግሞ ሰማያዊ እስኪሆን ነዷል። ርካሹ ኩሽኔታም ሌላው በሽታ ነው። ስም የሌለው ካርቶን ውስጥ የመጣ ኩሽኔታ ለዲፈረንሻል አትግዛ። ጥሩ ኮሮና ገዝቶ ኩሽኔታ ላይ መቆጠብ ሁለቱንም መጣል ነው።

የመግጠሙን ሥራ የሚለካ ሰው ይሥራው። በኮሮናና በፒኞን መካከል ያለው ክፍተት በአብዛኛው ከ0.13 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያንተን ከመኪናው መመሪያ እይ። ጥርሱ ላይ ቀለም ተቀብቶ ሲዞር አሻራው መሃል ላይ ማረፍ አለበት፣ ጫፍ ወይም ሥር ላይ አይደለም። ሳይዘጋው አሳየኝ በለው። አላሳይም ካለ አታስገጥም። አዲስ ቀለበት፣ አዲስ ኩሽኔታ፣ ጂኤል 5 የሚባለው የዲፈረንሻል ዘይት፤ ሊሚትድ ስሊፕ ከሆነ የራሱ ማሟያ ይጨመርበት።

ከተገጠመ በኋላ መጀመሪያ 20 ደቂቃ ያህል ረጋ ብለህ ንዳ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ አትጋልበው፣ ከባድ ነገርም አትጎትትበት። ከዚያ ዘይቱን ቀይር። ያወጣኸውን ዘይት ንጹህ ሳህን ላይ አፍስሰው። እንደ ብር ዱቄት ያለ ነገር ጥቂት ካለ የመለማመድ ነው። በጥፍር የሚያዝ ቅርፊት ካለ ግን መልሰህ አስከፍት።

ዘይቱን ለመቀየር ስትገባም ያው ነው፤ የፊት ጎማ በታኮ፣ ኋላው በብረት መቆሚያ። «ለ5 ደቂቃ ነው» ብለህ በክሪክ ብቻ እንዳትገባ።

አሁን ሂድና ቁጠር። የዘንጉን ዙርና ክዳኑ ላይ ያየኸውን ጻፍልኝ፤ ዋይታው ኩሽኔታ ይሁን ጥርስ ከዚያ እንለየዋለን።