ታርቡሽ ያደረገው ሰውዬ አያቴ ይሆን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። አያታችን ሲያርፉ ከሣጥናቸው በጨርቅ የተጠቀለሉ 11 የወታደር ፖስት ካርዶች ወጡ። እኛ ያደግነው «አያታችሁ አርበኛ ነበሩ» እየተባልን ነው። አንዱ ካርድ ላይ ግን ረጅም ታርቡሽ (ጠርዝ የሌለው ቆብ) ያደረገ፣ ጠመንጃ የያዘ አስካሪ፣ ማለትም ለጣሊያን የተቀጠረ አፍሪካዊ ወታደር አለ። አጎቴ ካየው ጀምሮ «ይሄ ነገር ይቃጠል» ይላል፤ እናቴ ታለቅሳለች። ሌላው ላይ ደግሞ ክንዱ ላይ የአሸዋ ሰዓት የመሰለ ምልክት የሰፋ ወታደር አለ። አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ መጥቶ ሦስቱን ብቻ መርጦ ልግዛችሁ ብሎናል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
የሣጥኑ ወራሽ፣ ከደሴ

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። መጀመሪያ ክብሪቱን ከአጎትህ ተቀበል።

ቀጥሎ የታርቡሹን ካርድ መስኮት አጠገብ አምጣና በማጉያ መነጽር እየው፤ ከሌለህ የስልክህን ካሜራ አቅርበህ ተመልከት። ፊቱ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠራ ከሆነ፣ ልክ እንደ ጋዜጣ ፎቶ፣ በማተሚያ ቤት የታተመ ነው። ጣሊያኖች እንዲህ ያሉ የአስካሪ ካርዶችን በብዛት እያተሙ ይሸጡ ነበር፣ የራሳቸው ወታደሮችም ገዝተው ለእናትና ለእጮኛ ይልኩ ነበር፣ ፎቶው ላይ ያለው ሰው ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ጣሊያን ደሴን የያዘው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ነው፤ ከእንግሊዝ ጎን የተሰለፈው የደቡብ አፍሪካ ጦር ጣሊያንን አሸንፎ የገባው ሚያዝያ 18 ቀን 1933። በአምስት ዓመት ውስጥ ስንት ካርድ እዚህ ከተማ ገብቶ እንደቀረ አስበው። አያትህ ከወደቀ ሻንጣ አንስተውት ይሆናል፣ ሰው ሰጥቷቸውም ይሆናል። ካርዱ እሳቸው ጋ መገኘቱ ብቻ እሳቸውን አያደርገውም።

ነጠብጣብ ከሌለው፣ ጥላው ለስላሳ ከሆነ፣ ጠርዙ ላይ ጥቁሩ ቦታ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ከሆነ፣ እሱ በፎቶ ወረቀት ላይ የታጠበ እውነተኛ ፎቶ ነው። ያኔ ነገሩ ይከብዳል፤ ልዋሽህ አልችልም። ግን እዚያም ላይ አትቸኩል። ባዶ እግሩን ስለሆነ የእኛ ነው አትበል፤ አስካሪዎችም ባዶ እግራቸውን ነበሩ። የየትኛው ሻለቃ እንደሆነ የሚለየው የመቀነቱ ቀለም ነው፣ እሱ ደግሞ በጥቁርና ነጭ ፎቶ አይታይም። ደግሞ ከጣሊያን ከድተው ወደ አርበኛ የገቡ አስካሪዎች ብዙ ናቸው። «ባንዳ» የምትለዋን ቃል አጎትህ ትንሽ ያቆያት።

አሁን ገልብጠው። ዋናው ነገር ጀርባው ነው። በጣሊያንኛ «ፖስታ ሚሊታሬ» የሚል ክብ ማኅተም ካለ በጦር ሜዳ ፖስታ ቤት ያለፈ ነው። ከቀኑ አጠገብ በሮማ ቁጥር 14 ተጽፎ ካየህ አትደናገር፤ ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት የሚቆጥሩት ዓመት ነው፣ በእኛ ከጥቅምት 1928 እስከ ጥቅምት 1929 ማለት ነው። ነጋዴው የመረጣቸውን ሦስቱንም ገልብጥ እስቲ፤ ማኅተምና ጽሑፍ ያለባቸው ናቸው ብዬ እወራረዳለሁ። ሰብሳቢ ከወታደሩ ፊት ይልቅ ማኅተሙን ነው የሚገዛው። መሸጥ መብትህ ነው፣ ግን አትበትናቸው፤ 11ዱ አብረው ሲሆኑ ነው አንዱ ስለ ሌላው የሚናገረው።

የአሸዋ ሰዓቱ ምልክት? እሱ ኮሪያ ነው። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ኮሪያ ሲገባ የተመደበው በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ነበር፣ ያም የክፍለ ጦሩ ምልክት ነው። ከቤታችሁ ማን እንደዘመተ እናትህን ጠይቃት፤ ለቅሶውም ያስረሳታል።

አደራ፣ ላሚኔት እንዳታስደርግ። እኔ የአባቴን ብቸኛ የወታደር ፎቶ ለኮፒ ቤት ልጅ ሰጥቼ፣ በሙቀቱ ግማሽ ፊቱ ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል፤ እስካሁን ሳየው ሆዴን ይበላኛል። ስኮችም፣ የሚያጣብቅ አልበምም አይሆንም። እያንዳንዱን በንጹሕ ነጭ ወረቀት ፖስታ ለየብቻ አድርግ። ደሴ ክረምቱ ጉም ስለሆነ ግድግዳ ላይ የተጠጋ ቁም ሣጥን ውስጥ አታስቀምጥ፣ ኮምቦልቻ ዘመድ ካለህ ከጦሳ ተራራ ሥር ካለ ቤት የእነሱ ይደርቃል። የምታውቀውን ስም ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ ጻፍ እንጂ በእስክሪብቶ አይደለም። ሁለቱንም ገጽ ስካን አስደርገህ ቅጂውን ሌላ ከተማ ላለ ሰው ላክ። በ2014 የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ አይተናል።

የታርቡሹን ካርድ ጀርባ ፎቶ አንስተህ ላክልንና ጽሑፉን አብረን እናንብበው።