የፈረስ ተሳቢ ከብረት ለማሠራት ወይም ለመግዛት ላሰባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

እንጅባራ ውስጥ የብየዳ ቤት አለኝ፤ ደጃፌም ከፈረስ ተለይቶ አያውቅም። በዚህ ምክንያት ስለ ፈረስ ተሳቢ (ፈረስ ተጭኖበት በመኪና ስለሚጎተተው) የሚጠይቀኝ ሰው ከጊዜ ወደ ጊዜ በዝቷል። ጥያቄዎቻችሁን ሰብስቤ እነሆ መልሴን። አንዳንዱን በሰፊው፣ አንዳንዱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈዋለሁ።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ጋሼ፣ ዘንድሮ ገና የመጀመሪያዬን ፈረስ ገዛሁ። ለጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ይዤው ለመምጣት አስቤ የብረት ተሳቢ ላሠራ ነው። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ። ግን ለጥር 23 ብለህ ከሆነ ገንዘብህን አስቀምጥ። ከዳንግላ እንጅባራ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዋዜማው ቀደም ብለህ ተነሥተህ፣ መንገድ ላይ አድረህ፣ በርጋታ ጋልበህ ትደርሳለህ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲቋቋም ተሳቢ ይዞ የመጣ አባል አልነበረም፤ ዛሬም አብዛኛው ፈረሰኛ ኮርቻ ላይ ሆኖ ነው የሚመጣው። በዓመት አንድ ሁለቴ ሩቅ የምትሄድ ከሆነም አይሱዙ መከራየት ይሻልሃል። ተሳቢ የሚያዋጣው ባሕር ዳር፣ ማርቆስ ወይም ከዓባይ ማዶ ለሚመላለስ ሰው ነው።

ካለህበት አቋም ካልተነቃነቅህ ግን መጀመሪያ ሜትር ይዘህ ወደ ፈረስህ ሂድ። ከክንዱ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለካ፤ ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ርዝመቱን ለካ። የደረቱን ልኬት በራሱ አባዛው፣ ውጤቱን በርዝመቱ አባዛ፣ ከዚያ ለ11880 አካፍል። ሁሉም በሴንቲ ሜትር ከሆነ የምታገኘው ክብደቱን በኪሎ ነው። ደረቱ 145፣ ርዝመቱ 130 የሆነ ፈረስ 230 ኪሎ ይሆናል፤ የአገራችን ፈረስ እንግዲህ በዚሁ አካባቢ ነው። የውጭ አገር ተሳቢዎች የሚሠሩት 500 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ስለሆነ የእነርሱን ልክ እንዳለ መቅዳት ያላስፈለገ ብረት መግዛት ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ አሉሚኒየም አይዝግም፣ ቀላልም ነው ይላሉ። ለምን ብረት?

መልስ፦ እውነታቸውን ነው፤ አይዝግም፣ ቀላል ነው። ነገር ግን አሉሚኒየም ሲሰነጠቅ በተራ ኤሌክትሮድ አይበየድም፤ የአርጎን ጋዝ ያለው መሣሪያና እጁ የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። ብረት ከሆነ ደንበጫም ሆነ አማኑኤል ላይ ቢሰበርብህ በዚያው ቀን አበይደህ ትቀጥላለህ። በጀቱ ጠባብ ለሆነ ሰው ይህ ብቻ ይበቃል።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ አንድ ሰው ሁለት ፈረስ የሚይዝ ያገለገለ ተሳቢ በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው። ቀለሙ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። ምን ምን ልይ?

መልስ፦ አዲስ ቀለም ባገለገለ ተሳቢ ላይ ሳይ እኔ ደስ አይለኝም፤ እጠረጥራለሁ። ከቀለሙ ሥር ያለውን ለማየት በቅድሚያ ከተሳቢው ሥር ተንጋለህ ግባ። ልብስህ ይቆሽሻል፤ ይቆሽሽ።

ዋናው ነገር ወለሉ ነው። ላዩ ላይ ጎማ ምንጣፍ ካለ ሙሉ በሙሉ እንዲነሣልህ ጠይቅ፤ ሻጩ «ተጣብቋል፣ አይነሣም» ካለህ አመስግነህ ተመለስ። ጣውላ ከሆነ ቢላዋ ይዘህ በየቦታው ውጋው፤ በተለይ የፈረሱ የኋላ እግር የሚያርፍበትንና ጣውላው ከግድግዳው የሚገናኝበትን ጠርዝ። ጤነኛ እንጨት ቢላዋውን ይመልሰዋል፤ የበሰበሰ ግን እስከ እጀታው ያስገባዋል። የፈረስ ሽንት ጣውላውንም ብረቱንም ይበላል፤ ምንጣፍ ሥር ሲጠራቀም ደግሞ ማንም አያየውም። ወለል ተደርምሶ የፈረስ እግር እየሮጠ ባለ መኪና አስፋልት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን መግለጽ አልፈልግም።

ከዚያ ወለሉን የተሸከሙትን አግዳሚ ብረቶች ከሥር በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርግ። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ በዝገት የሳሳው ድፍን ያለ ድምፅ አለው፤ አንዳንዴም ዝገቱ እንደ ቅርፊት ይራገፋል። ግድግዳው ላሜራ ላይ ያለ ዝገት ብዙ አያስጨንቅም፤ ላሜራ ይቀየራል። የተሸካሚው ብረትና ተሳቢውን ከመኪናው የሚያገናኘው የመጎተቻው ዝገት ግን ሌላ ነው።

መጎተቻው ከሻንሲው የሚጋጠምበትን ቦታ በደንብ ተመልከት። በብየዳ ላይ ሌላ ብየዳ ካየህ አንድ ጊዜ ተሰንጥቋል ማለት ነው። መጎተቻው አንድ ዘንግ ብቻ ከሆነ እኔ አልገዛውም፤ ከሁለት ጎን መጥቶ ጫፉ ላይ የሚገናኝ ባለ ሦስት ማዕዘን መሆን አለበት።

ጎማውን በጥርሱ ብቻ አትመን። ተሳቢ ብዙ ጊዜውን ቆሞ ስለሚያሳልፍ ጎማው ሳያልቅ ያረጃል። በጎኑ ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለ፤ 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ስድስት ዓመት ካለፈው የጎማውን ዋጋ ከተሳቢው ዋጋ ላይ አስቀንስ። በመጨረሻም በክሪክ አንሥተህ እያንዳንዱን ቸርኬ አሽከርክር፤ የሚንገጫገጭ ወይም የሚወዛወዝ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። እርሱ ግን በቀላሉ ይቀየራል፤ ለዋጋ መከራከሪያ ይሁንህ እንጂ አያስመልጥህ።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ የሚሠራልኝ ባለሙያ «የፒካፑ ፍሬን ይበቃል፣ ተሳቢው ላይ ፍሬን ማስገባት ብር ማባከን ነው» አለኝ። አክሰሉንም ከአሮጌ ሚኒባስ ያመጣልኛል። ምን ይላሉ?

መልስ፦ የአክሰሉን ነገር አስቀድሜ ልጨርስ። ከአሮጌ መኪና የወጣ አክሰል በራሱ ነውር የለበትም፤ ቀጥ ያለ፣ ኩሽኔታው የተቀየረና መለዋወጫው ገበያ ላይ የሚገኝ ይሁን። ባሌስትራው ግን ለተሳቢው ክብደት የተመጠነ መሆን አለበት። ከአይሱዙ የወጣ ባሌስትራ ቢገጠምለት ሁለት ፈረስ ሊያጎነብሰው ስለማይችል እያንዳንዱ ጉድጓድ በቀጥታ እግራቸው ላይ ያርፋል። ፈረሶቹም በሦስተኛው ጉዞ አልገባም ይሉሃል፤ አንተም «ምን ነካቸው?» ትላለህ።

በፍሬኑ ነገር ግን ባለሙያህ ተሳስቷል፤ ይህን አለሳልሼ አልናገርም። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ለአገር ፈረስ ተመጥኖ የተሠራ ባለ ሁለት ፈረስ የብረት ተሳቢ ባዶውን 1000 ኪሎ ቢመዝን ሁለት ፈረሶች 500 ይጨምራሉ፤ ከድርቆሽ፣ ከውኃና ከኮርቻ ጋር 1600 ይጠጋል። የብዙ ፒካፖች መመሪያ መጽሐፍ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የሚፈቅደው 750 ኪሎ ብቻ ነው። ባዶውን እንኳ አልፎታል። በዚያ ላይ ጭነትህ ሕይወት ያለው ነው፤ ስታቆም ወደ ፊት፣ ስትታጠፍ ወደ ጎን ክብደቱን ያዛውራል።

ደጀን ደርሰህ ወደ ዓባይ መውረድ ስትጀምር ነገሩ ይገባሃል። ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር በላይ ነው፤ ጥምዝምዙም አያልቅም። ፍሬን የሌለው ተሳቢ ያንን ሁሉ መንገድ ፒካፑን ከኋላ እየገፋ ይወርዳል፤ የፒካፑ ፍሬን ይግላል፣ ሲግል መያዝ ይተዋል። ለአንተ በጀት የሚስማማው በግፊት የሚሠራው ዓይነት ነው፦ መኪናው ፍጥነቱን ሲቀንስ ተሳቢው መጎተቻውን ወደ ፊት ይገፋል፣ ያ ግፊት የራሱን ፍሬን ያስይዛል። ሽቦና ኮምፒውተር አይፈልግም። ነገር ግን እርሱም ረጅም ቁልቁለት ላይ ያለ ዕረፍት ሲይዝ ስለሚግል ከአናት ጀምሮ በከባድ ማርሽ ውረድ። ተሳቢው ድንገት ከጋንቾው ቢላቀቅ ፍሬኑን የሚጎትት ቀጭን የብረት ገመድም አስገጥም፤ ሁለት የጥንቃቄ ሰንሰለትም ከመጎተቻው ሥር ተጠላልፎ ይታሰር።

ብር ካነሰህ ጣሪያውን በሸራ ሸፍነው፣ መስኮቱን ተወው፣ ቀለሙን ለከርሞ አቆየው። ከወለል፣ ከመጎተቻ፣ ከፍሬንና ከጎማ ግን ሳንቲም አትቀንስ።

ጥያቄ (ከአዴት)፦ ልኩንና የላሜራውን ውፍረት ቢነግሩኝ።

መልስ፦ ለእኛ ፈረስ የውስጥ ቁመቱ 2 ሜትር ቢሆን ራሱን ቀና ለማድረግ አይቸገርም። የሁለቱ ፈረሶች ወርድ በጠቅላላው 1 ሜትር ከ60 ቢሆን ጥሩ ነው፤ ፈረስ ሚዛኑን የሚጠብቀው እግሩን ከፈት አድርጎ ስለሆነ መካከሉን የሚለየው ነገር እስከ ወለል ድረስ አይውረድ። ድንጉላ ከባዝራ አጠገብ የምትጭኑ ከሆነ ግን በራስና በአንገት በኩል ያለው መለያ ድፍን ይሁን፤ አለዚያ መንገዱ ሁሉ ጠብ ነው።

ላሜራውን በተመለከተ፣ ሰው 3 ሚሊ ሜትር አድርግልኝ ሲለኝ እከራከራለሁ። 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ 23 ኪሎ ተኩል ይመዝናል፤ ባለ 3 ከሆነ እጥፉን። ግድግዳውን በሙሉ በወፍራሙ ብታለብሱት አንድ ተጨማሪ ፈረስ ያለ ትርፍ ትጎትታላችሁ። 1.5 ይበቃል፤ እርግጫ የሚያርፍበትን የታችኛውን ክፍል ብቻ በውስጥ በኩል በጣውላ ወይም በጎማ አልብሱት። የብየዳ ጫፎችና የላሜራ ጠርዞች በሙሉ በብረት መሞረጃ (ሞላ) ይስተካከሉ። እጃችሁን በውስጡ ሁሉ ዳብሱት፤ እጃችሁን የቧጨረ ነገር የፈረሱን ዓይን ያገኘዋል።

ጥያቄ (ከቲሊሊ)፦ ተሳቢው የሁለት ነው፣ ፈረሴ አንድ ነው። በየት በኩል ላቁመው?

መልስ፦ በግራ፣ በሹፌሩ በኩል። የመንገዱ መካከል ከፍ ብሎ ጠርዙ ዝቅ ስለሚል በቀኝ በኩል የሚነዳ መኪና ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ክብደቱ በግራ ሲሆን ይመጣጠናል። ሁለት ከሆኑም ከባዱን በግራ አድርግ።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ ፈረሱ እንዳይጨነቅ ልጄ አብሮት ከኋላ ቢቀመጥስ?

መልስ፦ በፍጹም! ሰው ተሳቢ ውስጥ አይቀመጥም። የደነገጠ ፈረስ በጠባብ ቦታ ውስጥ ወዳጁን አይለይም። ፈረሱ እንዲረጋጋ ከጉዞው ቀናት በፊት ቆሞ ባለ ተሳቢ ውስጥ እህሉን አብሉት። ሲጫን መጀመሪያ ከኋላው ያለውን መወርወሪያ ዝጉ፣ ከዚያ ለኮውን እሰሩ፤ ሲወርድ መጀመሪያ ለኮውን ፍቱ፣ ከዚያ መወርወሪያውን ክፈቱ። ታስሮ ሳለ ኋላው ከተከፈተለት ወደ ኋላ ይስባል፤ ገመዱ ሲይዘው ይብሳል።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ እስከ አዲስ አበባ ብወስደውስ?

መልስ፦ መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሌሊቱ ሳይነጋ ተነሥተው ዓባይን በማለዳ ይሻገሩ፤ በቀትር በረሃው ውስጥ የቆመ የብረት ሣጥን ምድጃ ነው። በየሦስት በየአራት ሰዓቱ ቆመው ውኃ ይስጡት። ከውኃው ባልተናነሰ ደግሞ ራሱን መሬት ድረስ ዝቅ እንዲያደርግ ለኮውን ፈታ ያድርጉለት። ራሱ ቀና ብሎ ታስሮ ረጅም ሰዓት የሚጓዝ ፈረስ በመተንፈሻው የገባው አቧራና ንፍጥ አይወጣለትም፤ ከጉዞ በኋላ ለሚመጣ የሳንባ ሕመም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መስኮቶቹንም ለብርድ ብለው አይዝጉ።

ጥያቄ (ከዱርቤቴ)፦ ተሳቢውን ለሌላ ሰው ባከራይ ወጪውን ይመልስልኛል ብዬ ነበር።

መልስ፦ ሊመልስ ይችላል። ነገር ግን ቁስል ያለበት የጋሪ ፈረስ አትጫን። ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ የሚባለው የቆዳ በሽታ በአገራችን የጋሪ ፈረሶች ላይ በብዛት ይታያል፤ በቁስል በኩል ይተላለፋል። ከእያንዳንዱ ኪራይ በኋላ ሰጋቱራውን አውጥተህ አቃጥል፣ ወለሉንና ግድግዳውን በሳሙና እጠብ፣ በበረኪና አጽዳ፣ ከዚያ በውኃ አለቅልቀህ አድርቅ። በረኪና ብረት ላይ ከቀረ እርሱ ራሱ ያዝገዋል።

ጥያቄ (ከመርጡለ ማርያም)፦ ለበቅሎስ?

መልስ፦ ያው ነው። በቅሎ ግን የመጀመሪያውን ቀን ሰው በዱላ ያስገባት እንደሆነ ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳለትም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ሰሌዳ ያስፈልገዋል? ቀለሙስ ምን ይሁን?

መልስ፦ ብረት ከመግዛትሽ በፊት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሂጂ፤ ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ምርመራውና መንጃ ፈቃድሽ ተሳቢ መጎተት ይፈቅድልሽ እንደሆነ ጠይቂ። ከተበየደ በኋላ «ይህ አይሆንም» ከተባልሽ ማፍረስ ነው። ቀለሙን በተመለከተ በመጀመሪያ ዝገቱ ይፋቅ፣ ሁለት እጅ ፀረ ዝገት ይቀባ፤ የተሳቢው ሆድም እንደ ጎኑ ይቀባ፣ የአዊን ክረምት የሚቀበለው እርሱ ነውና። ጣሪያው ነጭ ይሁን፣ ፀሐይ ይመልሳል። ጎኑን የፈለግሽውን አድርጊ። ከኋላው አንጸባራቂ ቀይ ለጥፊበት፤ ፍሬቻውና የፍሬን መብራቱ መሥራታቸውንም በተነሣሽ ቁጥር ሰው ከኋላ አቁመሽ እዪ።