ኮምፕረሰሩ ይዞራል፣ አየር ግን አይሞላም

ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ከመግዛትህ በፊት ቴስታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ክፈት። ሞተሩ እየዞረ ግፊቱ 3 ባር ላይ ቆሞ፣ በአየር ማጣሪያው በኩል ወደ ውጭ እፍ እያለ ከሆነ፣ የመሳቢያው ቫልቭ አልዘጋም ማለት ነው። ፋሻው ቢያልቅ ኖሮ አየሩ በብዛት የሚወጣው በዘይት መሙያው በኩል ነበር።

መጀመሪያ ከመብራት ንቀለው፣ ታንኩንም ሙሉ በሙሉ አስተንፍስ። ቴስታውን ስታነሳ የምታገኛቸውን ስስ የቫልቭ ብረቶች በናፍጣ እጠብ፤ የተጣመመ ወይም የተሰነጠቀ ካለ ቀይረው እንጂ ለማቃናት አትድከም። የሚያርፉበት የብረት ሳህን ከተቆራረጠ፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ አንጥፈህ ሳህኑን በክብ እያዞርክ አለስልሰው። ትዕግስት ይጠይቃል፣ ግን አብዛኛው ድካም የሚክሰው እዚህ ጋ ነው። ጓርኒሲዮኑን (የቴስታውን ማሸጊያ) አዲስ አድርግ፣ ብሎኖቹንም ፊት ለፊት እያፈራረቅክ ቀስ በቀስ አጥብቅ። ዘይቱ የኮምፕረሰር ይሁን።

አንድ ነገር አደራ፦ ፓምፑ ስለዳነ ብቻ ታንኩን እንዳትሞላ። እኔ አንድ የጎሚስታ ኮምፕረሰር አድሼ ከሥር ያለውን ማፍሰሻ ስፈታው ቡናማ ውኃና የዝገት ቅርፊት ወረደ፣ በመዶሻ ቀስ ብዬ ስነካው ብረቱ ሰረጎደ። እንዲህ ያለውን በብየዳ ልድፈነው እንዳትል፤ በአየር ተሞልቶ ከፈነዳ ሰው ይገድላል። ሌላ ታንክ ፈልግለት።