ተረፉ፣ ዳኑ ወይስ ነፍሳቸውን አቆዩ?

ጥያቄ፦ እዚሁ ጅማ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ በረሃ ላይ ስለወደቁ አብራሪዎች አንብቤላቸው በራሳቸው ቃል ጻፉት አልኳቸው። ግማሾቹ «ለመትረፍ ታገሉ» አሉ፣ ግማሾቹ «ለመዳን ታገሉ»። የቱን ልቀበል?

መልስ፦ መምህር፣ «ለመዳን» ያሉት ይቀርባሉ፤ ልኩ ቃል ግን ሌላ ነው ባይ ነኝ።

አንድ እውነተኛ ታሪክ ልያዝ። ፈረንሳዊው ደራሲና አብራሪ አንትዋን ደ ሴንት ኤግዙፔሪ በፈረንጆች 1935 መጨረሻ ላይ ከፓሪስ ወደ ሳይጎን ሲበር፣ ከመካኒኩ ከአንድሬ ፕሬቮ ጋር በሌሊት ሰሃራ ላይ ወደቀ። አውሮፕላኑ ተሰባበረ፣ ሰዎቹ አልሞቱም። እዚህ ላይ «ተረፉ» እንላለን። የተረፈ ማለት ሌላው ሲያልቅ የቀረ ነው። እንጀራ ይተርፋል፣ ብር ይተርፋል። ልጅ እየሞተባት የኖረች እናትም የቀረላትን «ተረፈ» ብላ ትሰይመዋለች። ነገሩ የአንድ አፍታ ነው። ለዚህ ነው አንዴ የተረፈ ሰው ቀናት ሙሉ «ለመትረፍ ታገለ» ሲባል የሚጎረብጠኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውስ? ውሃ የላቸውም። የያዙት ትንሽ ቡና፣ ትንሽ ወይን ጠጅና ጥቂት ፍራፍሬ ነው። ቡና ሦስት ዙር ካልጠጣን ቀኑ የማይነጋልን የጅማ ሰዎች ነንና፣ ያቺ ጉንጭ የማትሞላ ቡና አንጀቴን ትበላኛለች። ሌሊት የፓራሹት ጨርቅ ዘርግተው ጤዛ ጨመቁ፣ እሱም አስታወካቸው። አማርኛ ለዚህ የራሱ ቃል አለው፤ ነፍስ ማቆየት። አልበላም ያለ በሽተኛን እናቶቻችን «ለነፍስ ማቆያ እንኳ ቅመስ» ብለው የሚለምኑት በዚሁ ቃል ነው። «ታገሉ»ም ጉልበት ያለው ሰው ቃል ስለሚመስለኝ፣ ጉልበቱ እያለቀ እጅ አልሰጥም ለሚል ሰው «ተፍጨረጨሩ» ይሻላል። «ነፍሳቸውን ለማቆየት ተፍጨረጨሩ» ቢሉ ሙሉ ነጥብ ይስጧቸው።

«ዳነ» ግን ፈውስ ወይም አዳኝ ይፈልጋል። ቁስል ይድናል፣ «መድኃኒት» የሚለውም ከዚያው ሥር የወጣ ነው። ሁለቱ ሰዎች እሳት እያነደዱ፣ ሰው ፍለጋ አሸዋውን ሲያቋርጡ በእርግጥ ለመዳን ነበር። የዳኑት ግን ከቀናት በኋላ፣ ግመል የያዘ አንድ የበረሃ ዘላን ደርሶ ውሃ ሲሰጣቸው ነው።