ላፕቶፕ፦ የተዘጋጀውን ወይስ በትዕዛዝ?

ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ የተዘጋጀ ላፕቶፕ ልግዛ ወይስ እንደ ምርጫዬ አስገጥሜ ከውጭ ላስመጣ ላልከው፦ ወንድሜ፣ ድሬ ላይ ከሆንክ የተዘጋጀውን ግዛ። በትዕዛዝ የሚሠራው ክፉ አይደለም፤ ግን ሲበላሽ ዋስትናው ያለው ውጭ ነው። ዴስክቶፕ ቢሆን ክፍሎቹ በቀላሉ ስለሚቀየሩ ሌላ ነገር ነበር። ላፕቶፕ ላይ ፕሮሰሰሩ (አንጎሉ) እና ግራፊክሱ (ምስል የሚያወጣው ቺፕ) አብዛኛውን ጊዜ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ የተበየዱ ናቸው። በኋላ የሚቀየረው ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻው) እና ኤስኤስዲ (ፋይል ማስቀመጫው) ነው፤ እሱን ደግሞ እዚሁ ታስቀይራለህ። ብቻ ከመክፈልህ በፊት ራሙ የሚነቀል መሆኑን አረጋግጥ። ስስ ላፕቶፖች ላይ ብዙ ጊዜ አይነቀልም፤ እንደዛ ከሆነ ከመጀመሪያው 16 ጊጋ ያለውን ያዝ። የድሬን ሙቀትና አቧራ እንዳትረሳ! ማራገቢያው በቀላሉ ተከፍቶ የሚጸዳውን ምረጥ። እዛው ሱቁ ውስጥ ቻርጀሩን ነቅለህ በባትሪ ብቻ ትንሽ አሠራው፤ ሻጩ ቢያጉረመርም ቻል አድርገው።